ከሬሳው ሥር የተነጠፈ ኖራ

በዚያ ግቢ ያለውን ብር ሁሉ ያጠቆረ ጉድጓድ የሟቹን የአንገት መስቀል ብቻ ለምን ማረው?

ወልደየሱስ ይህን ጥያቄ ራሱን የጠየቀው በ፲፱፻፳፪ ዓ.ም.፣ በግንቦት፣ አንድ ዓርብ ጧት፣ ከጅቡቲ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ባለው በአቶ ተክለወልድ ግቢ ውስጥ መሐረቡን አፍንጫው ላይ ይዞ ቆሞ ሳለ ነው። ፈረንጅ አገር፣ ሞንፔሊዬ ከተማ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስለ ውሃና ስለ ፍሳሽ ሲማር ቢቆይም፣ ከተመለሰ ወዲህ አፉን ሞልቶ የሚናገረው ነገር እያነሰ ሄዷል። እዚያ ሳለ አስተማሪዎቹን ይጠራጠር ነበር፤ እዚህ ደግሞ የገዛ ወገኖቹን። የከተማው የጤና መሥሪያ ቤት የጉድጓዶች ተቆጣጣሪ አድርጎ ቀጥሮታል። አበሻ በሞተ ወይም በተከሰሰ ቁጥር ፖሊሶቹ ለአስተርጓሚነት የሚጠሩትም እሱን ነው።

ሬሳው ከጉድጓዱ ወጥቶ ሰሌን ላይ ተጋድሟል። ተክለወልድ የጣቢያው የዕቃ ግምጃ ቤት ሹም፣ ረጅምና ቀጥ ያለ ሰው ነበር፤ አሁን ግን ጉልበቱ ወደ ሆዱ እንደታጠፈ ደርቋል። ሁለት አስካሪ ወታደሮች ሊያቀኑት ሞክረው አልሆነላቸውም። ከማጅራቱ ከፍ ብሎ ተፈንክቷል። የኮቱ ጀርባ በኖራ ነጭ ሆኗል፤ ደረቱ ላይ ግን የኖራ ብናኝ እንኳ የለም። በማተቡ የተንጠለጠለችው የብር መስቀል አሁን ከአንጥረኛ እጅ የወጣች ይመስል ታበራለች።

ሚስቱ ወይዘሮ አሰፋሽ ደረቷን ትደቃለች። እጇ በተነሣ ቁጥር አምባሮቿ ብቅ ይላሉ። ከሰል መስለዋል።

ወልደየሱስ የቤቱን ሠራተኛ ደብሪቱን ጠጋ ብሎ፣ «የእመቤትሽ አምባር መቼ ነው እንዲህ የሆነው?» አላት።

«ትናንት ጧት ነዋ፣ ፎሱ ሲጠረግ። ያ ክፉ ሽታ የእኔን ጉትቻ፣ የእትዬን አምባር፣ የሥዕለ ማርያሟን ክፈፍ ሳይቀር አጠቆረው። ማታ እንኳ ጓዳ ገብቼ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ ነበር። ጋሼ ለምሳ ብቅ ብለው ከጠራጊው ጋር ለብቻቸው ጥቂት ከመነጋገራቸው በቀር ቀኑን ሥራ ላይ ስለዋሉ የእሳቸው መስቀል ተረፈች።»

ፎስ የሚሉት የቤቱ ፍሳሽ የሚወርድባትን፣ በባሕር ድንጋይ የተገነባችና ክዳን የተገጠመላትን ያችን ጉድጓድ ነው። ስሙ ከፈረንሳዮቹ መጣ፤ ሽታው ግን የሁሉም ሆነ።

ፈረንሳዊው የፖሊስ ኮሚሴር ሙሴ ዱራን ላቡን እየጠረገ፣ «ነገሩ ግልጽ ነው» አለ በፈረንሳይኛ። «ጠራጊው ትናንት ጉድጓዱን ከፍቶ ትቶት ሄደ። ሰውዬው ማታ ሊመለከት ወረደ። መርዛሙ አየር ጣለው፤ ሲወድቅ ራሱን መታ። ጠራጊው ዛሬ ጧት መጥቶ ሲያየው ደነገጠና ኖራ በተነበት። ሰኞ ዳኛ ፊት ይቀርባል። ሁለት ዓመት እሥራት፣ ከዚያም ወደ አገሩ መባረር።»

ጠራጊው ሙጠሊብ እጁ ታስሮ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል። ከየመኑ ወደብ ከሞካ የመጣ ሰው ነው፤ አማርኛውን ድሬዳዋ ተምሮታል። ስለ እሱ እየተወራ መሆኑን ቢያውቅም ቀና አላለም።

በዚህ መሐል ከለቀስተኞቹ አንድ ደልደል ያለ ሰው ወጣ። ይህን ፎስ የሠራው ግንበኛ፣ እሸቴ ነው። ሚስቱ የተክለወልድን አንዲት ልጅ ክርስትና ያነሣችለት፣ ለቤቱ አበልጅ የሆነ ሰው ነው።

«አቶ ወልደየሱስ፣ ለሙሴ ንገርልኝ። ይህን የሞት ጉድጓድ ነገ በአሥር ሰዓት እኔው በነጻ በድንጋይ እሞላዋለሁ። አበልጄ ይህን አፍ እያየች እንዴት ታድራለች?»

ኮሚሴሩ ሲተረጎምለት ደስ አለው። «መልካም ሰው!» አለ።

ወልደየሱስም ተረጎመ እንጂ አላመነም። ያላመነበትን ምክንያት ግን ቢጠይቁት አያውቀውም ነበር።

*

ረፋዱ ላይ ሙጠሊብን በእሥር ክፍሉ አገኘው።

«ኖራውን ለምን በተንክ?»

«እኔ? ኖራ?» ሙጠሊብ እሥረኛነቱን ረስቶ ተቆጣ። «ያ ኡስታዝ! አንተ የተማርክ ሰው፣ ባሕር ማዶ ምን አስተማሩህ? ሚስትህ ሊጥ ስታቦካ ኖራ ትጨምርበታለች?»

«ሚስት የለኝም።»

«ገብቶኛል፤ ብትኖርህ ይህን አትጠይቅም ነበር። ፎስ ሆድ ነው፣ ያብላላል። ስጠርግ ወለሉን ጥርግ አደርግና ጥግ ላይ ሁለት ባልዲ አተላ እተዋለሁ። እርሾው እሱ ነው። ኖራ ካገኘው ይሞታል፤ እርሾው ከሞተ በሳምንቱ ሰፈሩ ይገማል። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ እጄ ኖራ ፎስ ውስጥ ገብቶ አያውቅም፣ ወላሂ! ዛሬ ጧት ስመጣ ነጭ ሆኖ ነው ያገኘሁት። መጀመሪያ ያለቀስኩት ለእርሾዬ ነው፤ ሰውዬውን ያየሁት ቆይቼ ነው። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

«ክፍቱን የተውከውስ?»

«አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ይተነፍሳላ! ሳንቃ አጋድሜበት፣ እሾህ ደፍቼበት ነው የሄድኩ። እስከ ማታ ድረስ አየሩ እላዩ የሚበር ወፍ ይጥል ነበር።»

«ቀትር ላይ ተክለወልድ ለምሳ ሲመጣ ለብቻው ወስደህ አነጋግረኸዋል። ምን አልከው?»

ሙጠሊብ በቀስታ፣ «ለቤቱ ጌታ ነገርኩት። የቤቱ ጌታ ሞተ» አለ።

«ለእኔስ?»

«የጠራጊ ሕግ አለ። የሰው ቤት ሆድ ያየ፣ ያየውን ለባለቤቱ ብቻ ይናገራል። ለጎረቤት አይነግርም፣ ለመንግሥት አይነግርም። ይህን ካፈረስኩ ማን በሩን ይከፍትልኛል?»

«ሰኞ ይፈርዱብሃል እኮ፣ ሰውዬ!»

«አንተ ደግሞ መንግሥት ነህ» አለ ሙጠሊብ፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ።

*

ወይዘሮ አሰፋሽ እንባዋ ደርቆ ነበር። ወልደየሱስ እንደ አገሩ ወግ አስቀድሞ «እግዜር ያጽናሽ» ብሎ ከተቀመጠ በኋላ ጠየቃት።

«ትናንት ለምሳ ሲመጣ እንዴት ነበር?»

«ከዚያ ከጠራጊው ጋር ተነጋግሮ ሲመለስ ምግቡን አልነካም። የልጃችንን ቀሚስ ከሣጥን አውጥቶ ይዞት ተቀመጠ። ዓመቷ እኮ በሚቀጥለው ወር ነው፤ በትኩሳት ነው የሞተችብን፣ በስድስት ዓመቷ። ‹ምነው?› ብለው ‹ምንም› አለኝ። ማታ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። ጣቢያ መስሎኝ። ሲቀርም ጣቢያ ያደረ መስሎኝ!»

አጠገቧ የተቀመጠው እሸቴ ትከሻዋን ነካ አደረገ። «በቃ አበልጄ፣ በቃ። ሰውነትሽን አትጉጂው።» ወደ ወልደየሱስም ዞሮ፣ «ያ ዐረብ ምን እንዳለው እንጃ፤ ጠራጊ ሁሉ ሥራ እንዲያገኝ ጉድጓዱን ያማል። እኔ ትናንት ጧት ሲጠርግ አፋፉ ላይ ቆሜ ነበር። ወለሉ እንደ ሸክላ ሳህን ነው፣ ስንጥቅ የለውም» አለ።

«እስኪጨርስ ቆይተሃል?»

«እስኪጨርስ። ሽታው አንጀቴን አውጥቶት ነበር።»

ሲናገር እጁን ያወራጫል፤ በቀኝ ጣቱ ላይ ወፍራም የብር ቀለበት አለ። ወልደየሱስ ቀለበቱን አይቶ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም።

ከግቢው ወጥቶ በአጥር ብቻ የሚለየውን ቤት አንኳኳ። የሐረሩ የቡና ነጋዴ ነጅሙዲን ቤት ነው። ነጅሙዲን ገና ሳይጠየቅ መለሰ።

«እኔ የማውቀው የለም፣ ወንድሜ። ትናንት ድሬዳዋ ነበርኩ።»

ወልደየሱስ የነጋዴውን ጣት አየ። የዓቂቅ ድንጋይ ፈርጥ ያለባት የብር ቀለበቱ ጥላሸት መስላለች።

«ታዲያ ድሬዳዋም ፎስ ሲጠረግ ነበር ማለት ነው?»

ከመጋረጃው ጀርባ ሴት ሳቀች። የነጅሙዲን ሚስት ዙለይካ ነበረች። «ንገረው እንጂ ሰውዬ! በቅሎ እንኳ ጭኖ ያልሄደ ሰው፣ ድሬዳዋ ይላል!»

ነጅሙዲን አፈረ። «ከአጥሩ ላይ ሆኜ ጠራጊውን ስሳደብ ነበር የዋልኩት። ቤቴን በግማት ሞላው! ከተክለወልድም ጋር በዚሁ ነገር ስንት ጊዜ ተጣልተናል። ፖሊስ ጸብ የሰማ እንደሆን ገዳይ ይለኛል ብዬ ፈራሁ።»

«ግንበኛው እሸቴስ እዚያ ነበር?»

«ከጠራጊውና ከዝንቡ በቀር ማንም አልነበረም።»

«እኔም የምጠይቅህ አለኝ» አለች ዙለይካ ከመጋረጃው ጀርባ። «አንተ የጉድጓድ ሹም አይደለህ? የውሃ ጉድጓዳችን ጣዕሙ ከተለወጠ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ሦስት ጊዜ በትኩሳት ወደቅሁ። ያቺ የተክለወልድ ልጅ፣ ነፍሷን ይማረው፣ ከእኛ ውሃ ነበር የምትጠጣው። ለምንድን ነው አንድ ቀን እንኳ መጥተህ ያላየኸው?»

ወልደየሱስ ወደ ጓሮው ወጣ። ከአጥሩ እስከ ውሃ ጉድጓዱ በእርምጃው ለካ፤ ዘጠኝ ሆነ። ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄዶ የዚያን ፎስ ወረቀት አስወጣ። ርዝመት፣ ወርድ፣ ጥልቀት፣ የክዳን ውፍረት ሁሉ በጥሩ ፈረንሳይኛ ተጽፏል። «ወለል፦ ደኅና» ይላል። ከሥሩ ያለው ፊርማ የራሱ ነው።

ያን ቀን አስታወሰው። ሲደርስ ፎሱ በውሃ ተሞልቶ ነበር። እሸቴ፣ «ይኸው፣ ጠብ አይልም» አለው። ውሃው መቼ እንደተሞላ አልጠየቀም፣ እስኪጎድልም ቆሞ አልጠበቀም። ዘጠኝ ዓመት የተማረ ሰው ከውሃ በታች ያለውን በሰው ቃል አምኖ ፈረመ።

ወረቀቱን ቢቀድደው የሚያውቅበት አልነበረም። ኮሚሴሩ ነገሩን ጨርሷል፤ ነገ በአሥር ሰዓት ጉድጓዱ በድንጋይ ይሞላል፤ ሰኞ አንድ የሞካ ጠራጊ ይፈረድበታል። ወልደየሱስ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየ። ከዚያ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

*

ቅዳሜ በአሥር ሰዓት እሸቴ ድንጋይ የጫነ ጋሪ አስገፍቶ መጣ። ወልደየሱስ ግን ቀድሞት ነበር። ኮሚሴሩን፣ አሰፋሽን፣ ደብሪቱን፣ ነጅሙዲንንና ዙለይካን በፎሱ ዙሪያ አቁሟቸዋል። ሙጠሊብም በአስካሪ ተይዞ መጥቷል። አጠገባቸው ከከተማው ዳር፣ ከአምቡሊ፣ በአህያ የመጣ ውሃ በአራት በርሜል ተደርድሯል።

«ይህ ሁሉ ውሃ ለምንድን ነው?» አለ እሸቴ።

«ትደርስበታለህ። ድንጋዩን ጥቂት አቆየው።»

ወልደየሱስ ሁሉም እንዲሰማው በአማርኛ ይናገርና ለኮሚሴሩ ደግሞ በፈረንሳይኛ ይደግም ጀመር።

«ሐሙስ ከዚህ ጉድጓድ የወጣው አየር በግቢው ያለውን ብር አጥቁሯል። የወይዘሮ አሰፋሽን አምባር እዩት። ተክለወልድ ማታ ወርዶ አየሩ ገድሎት ቢሆን፣ እዚያው ሲያድር መስቀሉ ከዚህ ብሳ ትጠቁር ነበር። ግን ነጭ ናት።»

«ኖራው አየሩን አጥፍቶት ይሆናል» አለ ኮሚሴሩ።

«ልክ ነው፤ ኖራ ያጠፋዋል። እንግዲያው ሬሳው የገባው ከኖራው በኋላ ነው። ደግሞም የሟቹ ጀርባ ነጭ፣ ደረቱ ንጹሕ ነበር። ኖራው በላዩ አልተበተነም፤ ከሥሩ ተነጥፎ ነው ሬሳው የተጋደመበት። ራሱ ተፈንክቷል፤ ራሱ ያረፈበት ኖራ ላይ ግን የደም ነጠብጣብ አልነበረም። ወደዚህ ሲመጣ ደሙ ቆሟል፣ እንደታጠፈም ደርቋል። ረጅም ሰው ነው፤ በአጭር ጋሪ ነው የመጣው።»

ሁሉም፣ ሳይነጋገሩ፣ የእሸቴን የድንጋይ ጋሪ አዩ።

«ጋሪ በጅቡቲ የእኔ ብቻ ነው?» አለ እሸቴ እየሳቀ።

«አይደለም። ለዚህ ነው ኖራውን የጠየቅሁት። ሬሳ መደበቅ የፈለገ ሰው ኖራውን ከላዩ ይደፋዋል። ከሬሳ ሥር ኖራ የሚያነጥፍ ምን ፈልጎ ነው? ጠራጊ አያደርገውም፤ እርሾውን ይገድልበታል። የቤቱ ሰዎችም አያደርጉትም፤ እርሾው ከሞተ በሳምንቱ የሚገማው የእነሱው ግቢ ነው። ያ ሰው የሚደብቀው ሬሳውን አልነበረም። ሬሳውንማ እንድናየው ፈልጓል። የደበቀው ወለሉን ነው።»

እሸቴ መሳቁን ተወ። «ወለሉንማ ሐሙስ ዕለት አየሁት አልኩህ! እንደ ሳህን ነው!»

«እጅህን አሳየን።»

«ምን?»

«ቀለበትህን። ነጅሙዲን ሐሙስ እዚህ አልነበርኩም አለኝ፤ ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ እንኳ ቀለበቱ ጠቁሮበታል። አንተ ግን እስኪያልቅ አፋፉ ላይ ቆሜ ነበር ትላለህ፤ ብርህ እንደ ወተት ነጭ ነው። ሐሙስ ጧት እዚህ አልነበርክም። ወለሉን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸው ስትሠራው ነው።»

«ወልውዬው ነው!»

«ሊሆን ይችላል» አለ ወልደየሱስ። «እኔ ሰው መጠርጠር ይቀናኛል፣ ልሳሳት እችላለሁ። ስለዚህ ውሃ አመጣሁ።»

በርሜሎቹ አንድ በአንድ ተገለበጡ። ኖራው ተፈረካክሶ በውሃው ላይ ተንሳፈፈ። ውሃው እስከ ጉልበት የሚደርስ ሆነና ቆመ። ከዚያ በግድግዳው ላይ ያለው እርጥብ መስመር ከውሃው ከፍ ብሎ ታየ፤ አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት፣ አንድ ስንዝር። ከአንዱ ጥግ ጉሮሮ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ጥቂት ቆይቶ ኖራው እንደ ተገፈፈ ቆዳ ወደ ጥጉ ተሰበሰበና ታቹ ታየ፤ ሲሚንቶ የለም፣ ድንጋይ የለም። የዛጎል አሸዋ ነው።

«ይጠጣል!» አለች ደብሪቱ።

ዙለይካ ዘወር ብላ በአጥሩ ላይ የራሷን የውሃ ጉድጓድ አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ሙጠሊብ ያን ጊዜ ብቻ ቀና አለ። «እኔ አልነገርኩም» አለ። «ራሳችሁ ናችሁ ያያችሁት።»

ወልደየሱስ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ለኮሚሴሩ ሰጠው። «ይህን ፎስ ‹ወለሉ ደኅና ነው› ብሎ የፈረመ እኔ ነኝ። ወለሉን አላየሁትም። ጠራጊው አይቶ ለባለቤቱ ነገረው። ተክለወልድም ልጁን ምን እንደገደላት ገባው። ማታ ባርኔጣውን አድርጎ የሄደው ጣቢያ አይደለም፤ የሠራውን ሰው ሊጠይቅ ነው።»

አሰፋሽ ቀስ ብላ ወደ እሸቴ ተራመደች። አልጮኸችም።

«አበልጄ፣ እኔን እያየህ ተናገር። ሚስትህ ክርስትና ያነሣቻት ልጅ ናት። ውሃውን ስትጠጣ እያየህ ነበር?»

እሸቴ ጋሪው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

«በዚያ ሰሞን ሲሚንቶ ከመርከብ አልወረደም። ቤቱ ደግሞ በቶሎ እንዲያልቅ ይፈለግ ነበር። ከውሃ በታች ያለ ወለል ማን ያየዋል አልኩ። ከዚህ እስከዚያ ጉድጓድ ይሄዳል ብዬ አላሰብኩም፣ በማርያም! ልጅቷ ስትሞት ጠረጠርኩ፤ ግን ማንን ልጠይቅ?» አፉን በእጁ ጠረገ። «ሐሙስ ማታ ካርቲየ አምስት ሰፈር፣ ከድንጋይ መጥረቢያዬ ቦታ መጣ። አልተሳደበም። ‹ሠራተኞቼ ናቸው ያታለሉኝ በለኝ፣ አምንሃለሁ› ብሎ ለመነኝ። ቀሚሷን ይዞ ነበር። ዝም ስለው፣ ‹ነገ ለመንግሥት እናገራለሁ› ብሎ ሊወጣ ሲል ያዝኩት። ታገለኝ፣ ገፋሁት። ድንጋዩ ላይ ወደቀ። ልገድለው ብዬ አልነበረም።»

«ለዚህኛው ሰውስ?» አለች አሰፋሽ ወደ ሙጠሊብ እያመለከተች። «እሱን ለማሳሰር ደግሞ ማን ገፋህ?»



*

ሙጠሊብን ያንኑ ምሽት ፈቱት። ይቅርታ የጠየቀው ሰው የለም።

እሸቴን ሊወስዱት ሲሉ ወልደየሱስ አንድ ጥያቄ ጠየቀው። «በዚህ ከተማ ስንት ፎስ ሠርተሃል?»

«አሥራ ሁለት።»

«ወለል ያለው ስንቱ ነው?»

«ሲሚንቶ ሲኖር ሠራሁ፣ ሳይኖር ተውኩ። የትኛው የት እንደሆነ አሁን አላስታውስም።»

ወልደየሱስ አሥራ ሁለቱም እንዲመረመሩ ለመሥሪያ ቤቱ አለቃ አመለከተ። አለቃው ፊርማውን ካየ በኋላ ከቁጥጥር ሥራው አንሥቶ ለትርጉም ብቻ አስቀረው። በነፍሰ ገዳይ ቃል የአሥራ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ግቢ አይቆፈርም ተባለ። ፍሳሹን ወደ መሬት የሚያሰርገው ፎስ የትኛው እንደሆነ ተለይቶ ቢታወቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ያን ለይቶ የሚያውቅ በከተማው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሁሉንም ጠርጓል፣ የሁሉንም ወለል አይቷል።

ማክሰኞ ጧት ወልደየሱስ ወደ ሙጠሊብ ጎጆ ሄደ። በሩ ክፍት፣ ውስጡ ባዶ ነበር። ጎረቤቱ፣ «በንጋቱ ነፋስ በሳምቡክ ጀልባ ወደ ሞካ ሄደ» አለው።

በዐረብኛ ጸሐፊ ደብዳቤ አስጻፈለት። ወረቀቱ ላይ የአሥራ ሁለቱ ባለቤቶች ስም ተደርድሯል፤ ከሥሩም እንዲህ ይላል፦ «ወለል ከሌላቸው አጠገብ አንድ ጭረት ብቻ አድርግ። ስምህን ለማንም አልናገርም። ልጆች አሉ።» ወደ ሞካ ለሚሄድ የሌላ ሳምቡክ አዛዥ፣ ለናኾዳው፣ ሰጠው።

ናኾዳው በሰኔ ተመለሰ። «በእጁ ሰጠሁት» አለ። «ሁለት ጊዜ አስነበበኝ። አጥፎ ከደረቱ ከተተው። ‹ደኅና ሁን በለው› እንኳ አላለኝም።»

ወልደየሱስ ከዚያ ወዲህ ከሞካ የሚመጣ ሳምቡክ ሁሉ ሲራገፍ ወደብ ይወርድ ነበር። ሐምሌ አለፈ። በነሐሴ ካርቲየ አምስት ውስጥ፣ ከአሥራ ሁለቱ በአንዱ ግቢ፣ ሁለት ወንድማማች ሕፃናት በአንድ ሳምንት በትኩሳት ሞቱ። ከሞካ መልስ አልመጣም።